የምትደግፉት ክለብ ከየት መጣ? ፍለጋውን ከፋብሪካው በር ጀምሩ

ስለ አንድ ክለብ ማወቅ ስንፈልግ መጀመሪያ የምንቆጥረው ዋንጫውን ነው። እኔ ግን ሌላ መንገድ ላሳያችሁ። ክለቡን የመሠረቱት ሰዎች ምን ሠርተው ይበሉ ነበር? ከሥራ የሚወጡትስ ስንት ሰዓት ነበር? የእነዚህን የሁለቱን መልስ ስታገኙ ዋንጫው ራሱ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። ምሳሌዬን ከእንግሊዝ አደርጋለሁ። ዘመናዊው ኳስ ከፋብሪካ ጋር አብሮ ያደገው እዚያ ነው፤ ቡድኖቹንም በደንብ ታውቋቸዋላችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቅጽል ስሙንና አርማውን እዩ። አርሰናልን "መድፈኞቹ" የምንለው ዝም ብለን አይደለም። በ1886 ቡድኑን ያቋቋሙት ዉሊች በሚባል ቦታ፣ የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያ ስሙ እንኳ ዳያል ስኩዌር ነበር፤ በፋብሪካው ግቢ ውስጥ ያለ የአንድ ወርክሾፕ ስም ነው። ዌስትሃምም እንደዚያው ነው። ቡድኑ በ1895 የተወለደው ቴምዝ ወንዝ ዳር መርከብ ከሚሠራ ፋብሪካ ነው፤ አርማው ላይ የተጠላለፉት መዶሻዎች የመርከቡን ብረት የሚያያይዙባቸው መዶሻዎች ናቸው። ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ግን አርማው ብዙም አይረዳችሁም። እዚያ የድሮ ስሙን ፈልጉ፣ ኒውተን ሂዝ። በ1878 የባቡር ፉርጎ የሚሠሩና የሚጠግኑ ሠራተኞች ያቋቋሙት ቡድን ነው። የዛሬ ስሙን ያገኘው በ1902 ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱን ጠይቁ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄኛውን ነው። በ1850 የወጣ የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ እንዳይሠሩ ከለከለ። ያለ እነሱ ማሽኑ ስለማይንቀሳቀስ ወንዶቹም አብረው መውጣት ጀመሩ። እሁድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ቀን ነው፣ ኳስ የሚባል ነገር አይታሰብም። ስለዚህ ለሠራተኛው የቀረችው የቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ናት። 8 ሰዓት ወጥተህ፣ ፊትህን ታጥበህ፣ አንድ ነገር ቀምሰህ ሜዳ ስትደርስ 9 ሰዓት ይሆናል። የእንግሊዝ የቅዳሜ ጨዋታ እዚያው አገር ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን የመጀመር ልማዱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ 11 ወይም 12 ሰዓት ነው። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ዲኤስቲቪ ቤት ቦታ ስትይዙ፣ ያንን ሰዓት የቆረጡላችሁ በሰሜን እንግሊዝ ያለው የላንክሻየር ፈታዮችና ሸማኞች መሆናቸውን አስቡት።

ከዚያ ገንዘቡን ተከተሉ። የሀብታም ልጅ ሳይከፈለው ቢጫወት ምንም አይጎድልበትም። የፋብሪካ ሠራተኛ ግን ለጨዋታ ብሎ ግማሽ ቀን ከቀረ ደሞዙ ይቆረጣል። እስከ 1885 ድረስ ደግሞ ለተጫዋች ደሞዝ መክፈል በይፋ የተፈቀደ አልነበረም። በ1883 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ የሽመናና የብረት ሠራተኞች ያሉበት ብላክበርን ኦሎምፒክ፣ ኢተን የሚባለውን የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ቡድን በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸነፈ። ብላክበርኖች ከጨዋታው በፊት ብላክፑል ወደምትባል ከተማ ሄደው ልምምድ የሠሩት አንድ የብረት ማቅለጫ ባለቤት ገንዘብ ስላወጣላቸው ነው። ከዚያ ወዲህ እንደ ኢተን ያለ ቡድን ያንን ዋንጫ አንስቶ አያውቅም። ራግቢ በዚሁ ጥያቄ ለሁለት ተሰነጠቀ። ለባከነ የሥራ ቀን ካሳ ይከፈል ያሉት የሰሜን ክለቦች በ1895 ሀደርስፊልድ ከተማ ተሰብስበው ተገነጠሉ።

ካርታም አውጡ። ሊጉ በ1888 ሲጀመር 12 ክለቦች ነበሩት፤ 6ቱ ከላንክሻየር፣ 6ቱ ከሚድላንድስ (ከመካከለኛው እንግሊዝ)፣ ከለንደን አንድም የለም። ያኔ ጥጥ፣ ብረትና ሸክላ ይመረትበት የነበረ አገር ነው። ባቡር ባይኖር ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ ከተማ ሄዶ ተጫውቶ መመለስ አይቻልም ነበር።

ሴቶቹን እንዳትዘሏቸው አደራ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹን ሲወስድ ሴቶች ጥይት ማምረቻ ገቡ። በ1917 ፕሬስተን ከተማ ያለው የዲክ ኬር ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች የራሳቸውን ቡድን መሠረቱ። በ1920፣ በፈረንጆቹ ገና ማግስት፣ ያኔ የኤቨርተን ሜዳ በነበረው ጉዲሰን ፓርክ ላይ 53,000 ሰው ሊያያቸው ገባ። ገቢው ለበጎ አድራጎት ነበር። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ ወር 1921፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴት አይሆንም ብሎ ከአባል ክለቦቹ ሜዳ አገዳቸው። እገዳው 50 ዓመት ገደማ ቆየ። ባነበብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል። እነዚያ ሴቶች ቀን ሙሉ ፋብሪካ ውለው ነው ስታዲየም የሞሉት። የክለባችሁን ታሪክ ስታገላብጡ በዚያ ዓመት ሜዳው ለማን እንደተዘጋም ጠይቁ።

ዘዴው እኛም አገር ይሠራል። ሙገር ሲሚንቶ፣ ወንጂ ስኳር፣ መብራት ኃይል፣ አርባ ምንጭ ጨርቃ ጨርቅ፣ የድሬዳዋው ጥጥ፤ ስሙ ራሱ አሠሪውን ይነግራችኋል። ሰፈራችሁ ውስጥ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ አባት ወይም እናት ካሉ ሄዳችሁ አናግሯቸው። "ማን ጎበዝ ነበር?" ብላችሁ አትጀምሩ። ሺፍቱ እንዴት ነበር? ልምምድ ያለ ቀን ማን ይተካዎት ነበር? ማሊያውን ማን ገዛላችሁ? ከከተማ ስትወጡ በምን መኪና ነበር የምትሄዱት? እነዚህን ጠይቁና ሳታቋርጡ አድምጡ። የቡድን ፎቶ ካላቸው ፈቃድ ጠይቃችሁ በስልካችሁ አንሱት። የቆሙትንም የተቀመጡትንም ከግራ ወደ ቀኝ በስማቸው ጻፉ፤ ከስሙ አጠገብ የሥራ ክፍሉን፣ ከታች ደግሞ ዓመተ ምህረቱን፣ የኛ ይሁን የፈረንጅ ለይታችሁ።