ካካሜጋን እንዴት መጎብኘት ይቻላል? ማልዶ ለሚነሳ ሰው የሚሆን ጫካ

ካካሜጋ የሄድኩ ጊዜ የመጀመሪያውን ቀን በከንቱ አቃጠልኩት። ከተማ ውስጥ አደርኩ፣ ረጋ ብዬ ቁርሴን በላሁ፣ ከዚያ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የጫካው በር ደረስኩ። አስጎብኚው ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ፈገግ አለ። ምንም አላለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጉዘን ያየሁት ቅጠል ነው። 8 ሰዓት ገደማ ዝናቡ መጣና እስከ ካልሲዬ ድረስ በሰበስኩ። በማግስቱ ግን እዚያው ጫካ ዳር አድሬ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ዛፉ ሁሉ ሰው ያለበት ይመስል ነበር፤ ይጮሃል፣ ይዘላል፣ ፍሬ ይጥላል።

የምነግራችሁ እንግዲህ ያችን የመጀመሪያዋን ቀን እንዳትደግሟት ነው።

ካካሜጋ በምዕራብ ኬንያ ያለች የካውንቲ ዋና ከተማ ናት፤ ከኪሱሙ ከተማ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከጎኗ ያለው ደን በአንድ ወቅት ከኮንጎ ተነስቶ እስከዚህ ይዘልቅ የነበረው ታላቅ የዝናብ ደን ምሥራቃዊ ቅሪት ነው። በወረቀት ላይ ወደ 240 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ከዚህ ውስጥ ግን ተፈጥሯዊ ጫካ ሆኖ የቀረው ግማሽ ያህሉ ቢሆን ነው። ዙሪያውን እርሻና መንደር ከቦታል። አንበሳና ዝሆን የለም። ኬንያ ሲባል መኪና ውስጥ ተቀምጦ አውሬ ማየት ብቻ የሚታያችሁ ከሆነ ሌላ ቦታ ሂዱ። እዚህ የምትጎበኙት በእግር ነው፣ በጆሮም ነው።

አንድ፦ ከመነሳታችሁ በፊት

ጊዜውን ምረጡ። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል፤ ፈጽሞ የማይዘንብበት ወር አትፈልጉ፣ የለም። ቀለል የሚለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ከመጋቢት ማብቂያ እስከ ግንቦት ያለው ከባዱ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ሞተርም ይንሸራተታል።

ከኢትዮጵያ የምትነሱ ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ውሰዱ፤ አንዴ ከተወጋችሁ ዕድሜ ልክ ይሠራል። ምዕራብ ኬንያ ወባማ ስለሆነ የመከላከያ መድኃኒት ጉዳይ ሐኪም ጠይቁ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ቪዛን ትታ የኦንላይን የጉዞ ፈቃድ ከጀመረች ወዲህ ደንቡን አሻሽላዋለች፤ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የኢሚግሬሽኑን ገጽ አንዴ እዩት።

ሌላው ፌስታል ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፤ ሻንጣችሁ ውስጥ ጫማ የጠቀለላችሁበትን ጭምር ቤት ተዉት። ከ2020 ወዲህ ደግሞ በፓርኮችና በጥብቅ ደኖች አንዴ ተጠጥቶ የሚጣል የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ መግባት አይቻልም። የብረት የውኃ መያዣ ያዙ።

ሁለት፦ መድረስ

ከናይሮቢ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ መጓዝ ነው። ገንዘብ ካላችሁ ከናይሮቢ ኪሱሙ በአውሮፕላን ሂዱ፤ አንድ ሰዓት አይሞላም። ከኪሱሙ አውቶቡስ መናኸሪያ ካካሜጋ የሚሉ ማታቱዎች ሲሞሉ ይነሳሉ። ማታቱ የእኛው ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ወያላውም፣ ጩኸቱም፣ «አንድ ሰው ብቻ!» ማለቱም አንድ ነው። በመንገዱ ላይ የምድር ወገብን ትሻገራላችሁ።

የምትቀመጡት በስተግራ በመስኮት በኩል ይሁን በስተቀኝ አታስቡበት። ዓይናችሁን ብቻ ክፈቱ። ካካሜጋ ልትደርሱ ትንሽ ሲቀር ኢሌሲ የሚባል ቦታ አለ። ራስ የተሸከመ ሰው የሚመስል ግዙፍ ድንጋይ መንገዱ አጠገብ ቆሟል፤ ቁመቱ 40 ሜትር ያህል ነው። ውኃ በጎኑ ስለሚወርድ የሚያለቅሰው ድንጋይ ይሉታል።

ሦስት፦ በሩን መምረጥ

ዋናው ውሳኔ እዚህ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ሳያስብበት ያልፈዋል። ጫካው ሁለት አስተዳዳሪ አለው። ደቡቡ በኬንያ ደን አገልግሎት ሥር ነው፤ መግቢያው ኢሴቼኖ ይባላል። ሰሜኑ በኬንያ ዱር እንስሳት አገልግሎት የሚተዳደር ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ነው፤ መግቢያው ቡያንጉ ነው። በአንዱ የከፈላችሁት በሌላው አይሠራም።

ኢሴቼኖ ለመሄድ ከካካሜጋ በኪሱሙ መንገድ ወደ ካዬጋ ትመለሳላችሁ፤ ከዚያ በሺንያሉ በኩል ወደ ምሥራቅ ትታጠፋላችሁ። የመጨረሻውን ጥቂት ኪሎ ሜትር ቦዳ ቦዳ፣ ማለትም ሞተር፣ ይወስዳችኋል። ቡያንጉ ደግሞ በዌቡዬ መንገድ ወደ ሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወርዳችሁ 2 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ትገባላችሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የእኔ ምክር ኢሴቼኖ ነው። የአካባቢው ልጆች በደንብ የሰለጠኑ አስጎብኚዎች ናቸው፣ ሊራንዳ የሚባለው ኮረብታ ቅርብ ነው፣ ከጫካው ስትወጡም መንደሩን ታገኛላችሁ። ቡያንጉ ጸጥታ ለሚፈልግ ነው፤ የኢሲዩኩ ፏፏቴ እዚያ በኩል ነው። ሁለት ሌሊት ካላችሁ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ እደሩ። በአንድ ቀን ሁለቱንም ልያዝ ማለት ግን ሞተር ላይ መዋል ነው።

ማደሪያውን ጫካው ዳር ያዙ። ይህንን ብቻ ብትሰሙኝ ይበቃኛል። በሁለቱም በሮች አጠገብ ቀለል ያሉ ማደሪያ ጎጆዎች አሉ፤ እነሱ «ባንዳ» ይሏቸዋል። አገር ቤት ደውላችሁ «ባንዳ ቤት አደርኩ» ብትሉ አያቶቻችሁ ይደነግጣሉና አስቀድማችሁ አስረዱ። ደህና አልጋና ጥሩ ምግብ ለሚሻ ደግሞ ደቡቡ ጫካ ውስጥ ሮንዶ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ማረፊያ አለ፤ ግቢው ብቻውን ለወፍ ተመልካች ግማሽ ቀን ይበቃል።

አራት፦ ከተማዋን ለስንቅ ተጠቀሙባት

ከተማዋ ውስጥ ግማሽ ቀን ይበቃችኋል። ሲም ካርድ በፓስፖርታችሁ አውጡና ኤም-ፔሳ ክፈቱ። የጥብቅ ስፍራው መግቢያ በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም፣ በኦንላይን ነው፤ የሞተሩ ልጅም ሙዝ ሻጯም በስልክ ቢከፈላቸው ይመርጣሉ። ብር እዚያ አይመነዘርም፣ ዶላር ያዙ።

ገበያ ግቡ። ሙዝ፣ ኦቾሎኒ፣ የእጅ ባትሪ፣ ክብሪት ግዙ። መንገድ ዳር ቀጫጭን ሥር በጥቅል የሚሸጡ ሰዎች ታያላችሁ። ሙኮምቤሮ ይባላል፤ ያኝኩታል። መጀመሪያ ይመራል፣ ቀጥሎ አፍ ያጣፍጣል። ለወንድ ኃይል ይሰጣል ይላሉ፣ ሻጩም ይህን ሲነግራችሁ ዓይኑን ይጠቅሳል። እኔ የተሰማኝ የአፌ መደንዘዝ ብቻ ነው።

ምሳ ላይ ኡጋሊ በዶሮ እዘዙ። ኡጋሊ ጠንከር ያለ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ በእጅ ትቆርሳላችሁ፣ ትጠቀልላላችሁ፣ ታጠቅሳላችሁ። እንጀራ ለለመደ እጅ አያስቸግርም። የአካባቢው ሕዝብ፣ ሉህያ፣ ለእንግዳ የሚያርደው ዶሮ ነው፤ «ኢንጎኮ» ይሉታል። ከጎኑ ምሬንዳ ከመጣላችሁ የሚያዳልጥ ቅጠል መሆኑን ቀድማችሁ እወቁት። ሰላምታቸው «ሙሌምቤ» ነው፣ ሰላም ማለት ነው። ይህችን አንዲት ቃል ስትሉ ሰው ፊቱ ይፈታል።

አምስት፦ ልብስ

ረጅም ሱሪ፣ ረጅም ካልሲ፣ የማያዳልጥ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ። ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ክተቱት፤ ያስቃል፣ ግን ጉንዳን አለ። ጉንዳን መንገድ ሲያቋርጥ እንደ ጥቁር ገመድ ይታያል። ሳትረግጡት ተሻግራችሁ እለፉ፣ አጠገቡ አትቁሙ። እኔ ፎቶ ለማንሳት ቆምኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልናገርም። ጠዋት ብርድ አለ፣ ከፍታው 1,500 ሜትር በላይ ነውና ሹራብ አትርሱ።

ስድስት፦ የማለዳው ጉዞ

ማታውኑ አስጎብኚ ቅጠሩ፣ ዋጋውን ተነጋገሩ፣ በሰዓቱም በግልጽ ተስማሙ። በሰዓት ጉዳይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደ እኛ ነው፤ «ሳአ ሞጃ» የጠዋት 1 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን ያንኑ 7 ይሉታል። ስለዚህ «6 ተኩል እንገናኝ» ከተባላችሁ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ጠይቁ። እንግሊዝኛ ከሆነ የእኛ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ትክክለኛው መነሻ እሱ ነው።

ኢሴቼኖ ከሆናችሁ ከዚያም ቀደም ብላችሁ፣ 11 ሰዓት ገደማ፣ በባትሪ ሊራንዳ ኮረብታ ውጡና ፀሐይዋን እዚያ ጠብቁ። ጫካው በጉም ተሸፍኖ ከበታች ይተኛል፤ ቀስ በቀስ ጉሙ ሲነሳ የዛፎቹ ጫፍ አንድ በአንድ ይወጣል። ኮረብታው ላይ የድሮ የወርቅ ጉድጓድ አለ፣ አሁን የሌሊት ወፎች ይኖሩበታል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ካካሜጋ ወርቅ ተገኘ ተብሎ ፈረንጁ ሁሉ አካፋ ይዞ የጎረፈባት ቦታ ነበረች።

ወርዳችሁ ጫካው ውስጥ ስትገቡ አትፍጠኑ። አሥር እርምጃ ሂዱ፣ ቁሙ፣ ስሙ። መጀመሪያ የምታውቁትን ታገኛላችሁ፤ ጉሬዛ። ጥቁርና ነጭ ካባውን ለብሶ ከዛፍ ዛፍ ሲወረወር ጅራቱ ይከተለዋል። ሳይንሳዊ ስሙ ኮሎቡስ ጉሬዛ ነው፤ ሁለተኛው ቃል ከእኛው አማርኛ የተወሰደ ነው። ይህን ለአስጎብኚዬ ብነግረው አላመነኝም። ሰማያዊ ጦጣና ጅራቱ ቀይ የሆነ ሌላ ጦጣም አብረው ይበላሉ፤ የአንዱ ማስጠንቀቂያ ለሁሉም ይሠራል። አንዱ ሲጮህ ወደ ላይ ተመልከቱ፣ ምናልባት ንስር ነው።

ከባድ ክንፍ ሲያፏጭ ከሰማችሁ መንቁሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የተሸከመው ትልቅ ወፍ ነው። ሰው ከሩቅ አገር የሚመጣለት ግን ታላቁ ሰማያዊ ቱራኮ ነው። ከዶሮ ይበልጣል፣ ራሱ ላይ ጥቁር ጉትዬ አለው፣ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ ይሮጣል፣ በረራ ላይ ግን ሰነፍ ነው። ኬንያ ውስጥ እሱን ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ዛፉንም ጠይቁ። አስጎብኚው ቅርፊቱ የተላጠ ዛፍ ያሳያችኋል፤ እኛ ጥቁር እንጨት የምንለው ነው። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ ሰው እየላጠ ብዙውን ገድሎታል። ኢሴቼኖ አጠገብ ማማ ሙቴሬ የሚሏት ግንደ ሰፊ አሮጊት ዛፍ አለች፤ ሁለት ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ሊያቅፋት ይሞክራል። ከመንገዱ አትውጡ፣ እጃችሁን ወደማታዩት ቦታ አትስደዱ። እባብ አለ። አብዛኛው ይሸሻችኋል፤ ቅጠል መስሎ የሚተኛው እፉኝት ግን አይሸሽም።

4 ሰዓት ሲሆን ጨርሳችሁ ሻይ እየጠጣችሁ ብትሆኑ ጥሩ ነው። እንደ እኔ ያለው ሰው ያን ጊዜ በሩ ላይ ይደርሳል።

ሰባት፦ ከሰዓት

ከሰዓት ዝናብ ነው፣ በመብረቅ። ተኙ፣ አንብቡ፣ ወይም ቆርቆሮ ሥር ተቀምጣችሁ ስሙት።

ቅዳሜ ከሆነ ግን ማለዳውን ለበሬ ስጡት። በካዬጋና በአካባቢው በሬ ከበሬ ይገጥማል። ሰው አይገባበትም፣ አንዱ በሬ ሲሸሽ ግጥሚያው አለቀ። በሬው ወደ ሜዳ የሚመጣው በኢሱኩቲ ከበሮ ታጅቦ ነው። የኢሱካና የኢዳኮ ሕዝቦች የኢሱኩቲ ጭፈራ እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች ተመዝግቧል፤ እዚያ ግን ማንም ስለ ዩኔስኮ አያወራም፣ ስለ በሬው ነው የሚያወራው። አጥር የለም። ዛፍ ወይም መኪና አጠገብ ቁሙ፣ ሰው ሲሮጥ እናንተም ሩጡ። ምክንያቱን በኋላ ትጠይቃላችሁ።

አንድ ሌሊት ከተረፋችሁ አስጎብኚውን የማታ ጉዞ ጠይቁት። ባትሪውን ወደ ላይ ስታበሩ ሁለት ብርቱካንማ ዓይኖች ከቅርንጫፍ ላይ ቢያፈጡባችሁ ፖቶ ነው፤ ድብ የመሰለች ቀርፋፋ ፍጥረት ናት። ባትሪውን ቶሎ ዘወር አድርጉላት።