ፊልሙ አረንጓዴ ሆነ ማለት ኤሌክትሪክ አስተላለፈ ማለት አይደለም

ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይና ሙቀት ተኳርፈው ነው የሚኖሩት። ጠዋት ጋቢ ደርባችሁ ትወጣላችሁ፤ እኩለ ቀን ላይ አፍንጫችሁ ተልጦ ትገባላችሁ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ለቆዳ ብቻ ሳይሆን ብረት ያዘለ ፖሊመር (ሞለኪውሎቹ እንደ ረጅም ሰንሰለት የተያያዙ ቁስ) ለሚሠራ ሰውም ጣጣ አለው። ሥራዬ ፖሊመሩን መስታወት ላይ እንደ ስስ ሽፋን፣ ማለትም ፊልም፣ ቀብቶ ብረቱ በብርሃን ኤሌክትሮን እንዲያጣ ማድረግ ነው፤ ኦክሲዴሽን የሚባለው ይህ ነው። ዓላማው ፊልሙ ኤሌክትሪክ በተሻለ እንዲያስተላልፍ ነው። የመጀመሪያውን ጠርሙሴን የበላብኝ እሱ ነው።

ፖሊመሩ ፌሮሲን የተሰካበት ነበር። ፌሮሲን ማለት አንድ የብረት አቶም በሁለት የካርቦን ቀለበቶች መሀል ተጣብቆ የሚኖርበት ሞለኪውል ነው። ቀለሙ ብርቱካናማ ነው። አንድ ኤሌክትሮን ሲያጣ ፌሮሲኒየም ይባላል፤ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይዞራል። በክሎሮፎርም አሟሟሁትና በረንዳ ላይ ረሳሁት። ስመለስ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ።

ስህተቴ ክሎሮፎርምን እንደ ውኃ ማየቴ ነው። ፌሮሲን ብርሃን ሲያገኘው ኤሌክትሮኑን ክሎሪን ላለው አሟሚ ፈሳሽ አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ ክሎሮፎርም ማሟሟት ብቻ ሳይሆን ራሱ ኦክሲዴሽኑ ውስጥ ይገባል። ፊልሙ ውስጥ የቀረው ርዝራዥም በኋላ መብራት ሲያገኝ ሥራውን ይቀጥላል። ጠርሙሱን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሉ፤ ፊልሙንም በደንብ አድርቁ። በነገራችን ላይ ክሎሮፎርም ብርሃንና አየር ላይ ሲቆይ ፎስጂን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይፈጥራል። ጥቁር ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ የሚሸጠው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ስህተት፣ ኦክሲዴሽን ሲባል ኦክስጅንን ብቻ ማሰብ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ የበላው ላስቲክ በእጅ ሲነካ ይፈረካከሳል። እሱ የአየር ኦክስጅንና ብርሃን አብረው ሰንሰለቱን ሲቆራርጡት ነው። እኛ የምንፈልገው ግን ብረቱ ኤሌክትሮን እንዲያጣ፣ ሰንሰለቱ ግን እንዲተርፍ ነው። ሁለቱም በአንድ መብራት ሥር ሊሆኑ ይችላሉ። ፊልሙ ከተሰነጠቀ አስተላላፊነቱ የሚወርደው በዚያ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን «በበዛ ቁጥር ይሻላል» በሚለው ነው። መንዝ ውስጥ የድንጋይ ቤት ሲሠራ ሰው ተሰልፎ ድንጋይ ሲቀባበል አስቡት። ሁሉም ድንጋይ ከያዘ ተቀባይ የለም። ሁሉም ባዶ እጁን ከሆነም የሚቀባበሉት የለም። ኤሌክትሮንም ከፌሮሲን ወደ ፌሮሲኒየም የሚዘለው እንደዚሁ ነው። ዝላዩ የሚቀናው ግማሽ በግማሽ አካባቢ ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ ብርሃን ላይ ማቆየት ፊልሙን ይበልጥ አረንጓዴ ያደርገዋል እንጂ አስተላላፊነቱን መልሶ ያወርደዋል።

ወደ መለካቱ ስንመጣ፣ ተራ ቴስተር እዚህ ላይ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። እስቲ እናስላ። የ100 ናኖሜትር ፊልም አስተላላፊነቱ በሴንቲሜትር የመቶ ሚሊዮንኛ ሲመንስ (የአስተላላፊነት መለኪያ ነው) ቢሆን፣ አንድ ካሬ ቁራጩ 10 ትሪሊዮን ኦም ይከለክላል። ብዙ ቴስተር 20 ሜጋ ኦም ላይ ያበቃል። ብርሃኑ ፊልሙን 10,000 ጊዜ ቢያሻሽለው እንኳ አሁንም 1 ቢሊዮን ኦም ነው። ቴስተሩ «ምንም የለም» ይላችኋል፤ እናንተም ታምናላችሁ። እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተጠላለፉ ኤሌክትሮዶችና ጥቃቅን ከረንት የሚያነብ ኤሌክትሮሜትር ያስፈልጋል። ውፍረቱንም በግምት አትሙሉት፤ ውፍረቱን በእጥፍ ከሳታችሁ መልሱም በእጥፍ ይሳሳታል።

መብራቱን አጥፍቶ አለማየትም አለ። ከረንቱ ወዲያው ከወረደ ያያችሁት ብርሃኑ ለጊዜው ያስነሳው ከረንት ነው፤ ወይም መብራቱ ፊልሙን ስላሞቀው ነው። ፊልሙ ከቀዘቀዘም በኋላ ከፍ ብሎ ከቀረ ኦክሲዴሽን ነው ለማለት ትችላላችሁ። ያኔም ቢሆን ግማሹን ፊልም በፎይል ሸፍናችሁ ከጎኑ ካላስቀመጣችሁ አትቸኩሉ።

ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበት አለ። ጣርማ በርን የሚሸፍነው ጉም ቤተ ሙከራ ድረስ ይመጣል ባልልም፣ በሐምሌ የመስታወቱ ገጽ እርጥበት ይይዛል። ያኔ ከረንቱ በፊልሙ ሳይሆን በመስታወቱ ላይ ሊሄድ ይችላል። ፊልም ያልተቀባ ባዶ መስታወት ላይ ያንኑ ቮልቴጅ ስጡና አንብቡ። ባዶው መስታወት ከፊልሙ እኩል ካስተላለፈ፣ የዚያን ቀን ንባብ ሰርዛችሁ ቡና ጠጡ።