የድሮ ፊልም አሳይቶ ሰው ላለማስተኛት

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልተሳካም። ቅዳሜ ማታ እናቴን፣ እህቴንና ሁለት ልጆቿን ሰብስቤ፣ «በዓለም ከተሠሩት ሁሉ ምርጥ የሚባለውን ፊልም ነው የማሳያችሁ» ብዬ «ሲቲዝን ኬን»ን ከፈትኩ፤ በ1941 እ.ኤ.አ. የወጣውን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እህቴ አንቀላፋች። ትልቁ ልጅ ደግሞ «ምርጥነቱ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። የፊልሙ ዳይሬክተር ኦርሰን ዌልስ የተደነቀባቸውን ዘዴዎች ከእርሱ በኋላ የመጡት ስለወረሷቸው፣ ልጁ ፊልሙን ገና ዛሬ ቢያየውም ብልሃቱን ሺህ ጊዜ አይቶታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሙገሳውን ይተዉት። ሽልማቱንም፣ የዳይሬክተሩንም ስም አይንገሯቸው። «ያስቃል» ካሉ በቂ ነው።

ቀጥሎ ምርጫው አለ። እናቴ የግርጌ ጽሑፍ አታነብም፤ ትንሹ ልጅ ደግሞ አንብቦ ሳይጨርስ ያልፍበታል። ለእንዲህ ያለ ቤት ከቻርሊ ቻፕሊን «ሞደርን ታይምስ» (1936) የተሻለ መነሻ አላውቅም። 87 ደቂቃ ነው፤ ንግግር የለውም ማለት ይቻላል፤ አልፎ አልፎ ብቅ የሚለውን ጽሑፍ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብላቸው። ሠራተኛው ለምሳ ብሎ ሥራ እንዳያቆም የተፈለሰፈ አጉራሽ ማሽን አለ፤ ቻፕሊንን ጠፍረው ይሞክሩበታል። ሾርባው ደረቱ ላይ ይደፋል፤ በቆሎው እየተሽከረከረ ጥርሱን ይፈጫል፤ ከዚያ ሁሉ መዓት በኋላ አፍ መጥረጊያው ምንም እንዳልተፈጠረ ረጋ ብሎ መጥቶ ከንፈሩን ጠረግ ያደርገዋል። እናቴን ያሳቃት በቆሎው ሳይሆን ይህ ጨዋ መጥረጊያ ነው። «የግድ ጉርሻ!» አለች። መጨረሻው አካባቢ ቻፕሊን የማንም ባልሆነ ቋንቋ ይዘፍናል፤ እዚያ ላይ ከሁላችንም እኩል ገባት።

ቴሌቪዥኑን አስቀድመው ያሰናዱት። የድሮ ምስል ወደ ካሬ ስለሚጠጋ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል፤ ስክሪኑ ይሙላ ብለው ከለጠጡት ቀጭኑ ቻፕሊን ቦርጫም ሆኖ ይመጣል። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውንም ቅንብር ያጥፉት፤ ያለዚያ ፊልሙ ትናንት የተቀረጸ ተከታታይ ድራማ ይመስላል።

ንግግር የበዛበትን ለሌላ ቀን ያቆዩት። «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» (1957) 96 ደቂቃ ሙሉ ከአንድ ክፍል አይወጣም ማለት ይቻላል፤ እንግሊዝኛ ለማይሰማ ሰው ቅጣት ስለሚሆን ያሳየሁት ለእህቴና ለትልቁ ልጅ ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች አባቱን ገድሏል በተባለ ልጅ ላይ ይፈርዳሉ። አሥራ አንዱ «ጥፋተኛ ነው» ሲሉ አንዱ እምቢ ይላል። የተገደለበት ሴንጢ አምሳያ የለውም ብለው ሲከራከሩት ሰውየው ቁርጥ ያንኑ የመሰለ ሴንጢ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይሰካዋል። የእህቴ ልጅ ስልኩን ያስቀመጠው ያኔ ነው።

ስልክ አትንኩ ብለው ግን አይቆጡ። ስልክ ከሁሉ የተሻለ መለኪያዎ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ይጠብቁ፤ እስከዚያ ካልተቀመጠ ሳይከፋዎት ፊልሙን አጥፍተው ቡናው ይፈላ።

የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የኩሮሳዋን «ሰባቱ ሳሙራይ» (1954) እስካሁን አልደፈርኩትም፤ 207 ደቂቃ ነው። መሐሉ ላይ የራሱ ዕረፍት ስላለው እዚያ ጋ ቆርጬ ለሁለት ቅዳሜ ላካፍለው አስቤያለሁ። ትንሹ ልጅ «ጎራዴ አለበት?» ብሎ ጠይቆኛል። አለበት አልኩት፤ ሌላ ምንም አልነገርኩትም።