ከተማና እርሻ በአንድ ቀን፦ በውጭ አገር የቡድን ጉብኝት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቡድን ጉዞ መርሐ ግብር ሲወጣ የእርሻ ጉብኝት ብዙ ጊዜ በሙዚየሙና በእራቱ መካከል አንዲት መስመር ይሰጠዋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ሙዚየም እንግዳ ለመቀበል የተሠራ ቤት ነው። እርሻ ግን የሥራ ቦታ ስለሆነ የራሱ ሰዓት፣ የራሱ በሽታ፣ የራሱ አደጋ አለው። ቀኑን የሚያበላሹት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

እርሻው በዚያ ሰዓት ምን እንደሚሠራ አለመጠየቅ

አብዛኞቹ የወተት እርሻዎች በቀን ሁለት ጊዜ ያልባሉ፤ አንዱ ንጋት ላይ፣ ሌላው ወደ ማምሻው። እኩለ ቀን ላይ የደረሰ ቡድን የሚያየው ታጥቦ የደረቀ ማለቢያና ተኝተው የሚያመሰኩ ላሞችን ነው። የማለቢያ ሮቦት ባለበት እርሻ ላሞቹ ቀኑን ሙሉ በየተራ ስለሚገቡ የመድረሻው ሰዓት ያን ያህል አያስጨንቅም። እህል የሚያጭድ ኮምባይነር ጤዛው እስኪደርቅ አይንቀሳቀስም፤ በማለዳ የሄደ ቡድን የቆመ ማሽን አይቶ ይመለሳል። ወይን ለቀማ በተቃራኒው ነው። በሞቃት አካባቢ ፍሬው እንዳይሞቅ ብዙ ጊዜ በሌሊት ወይም በማለዳ ስለሚለቀም ረፋድ ላይ የደረሰ ሰው ሠራተኛ የሌለበት ማሳ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ቦታ ሲይዙ «ስንት ሰዓት እንምጣ?» ከማለት «ይህን ሥራ ማየት እንፈልጋለን፤ መቼ ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የከተማው ጉብኝት በእርሻው ሰዓት ዙሪያ ይደርደር። ከተማውም ዝግ ቀን አለውና ያንን ማጣራት አይዘንጋ፤ የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ለምሳሌ ማክሰኞ ዝግ ነው።

የመንገዱን ሰዓት ብቻ መቁጠር

ካርታው «40 ደቂቃ» ካለ መርሐ ግብሩም 40 ደቂቃ ይይዛል። እስቲ ይሰላ። 45 ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ እስኪሰበሰብ 10 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። እርሻው ያለው 2 መጸዳጃ ቤት ከሆነና እያንዳንዱ ሰው 2 ደቂቃ ከወሰደ ሰልፉ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ባለቤቱ 30 ደቂቃ የሚናገረው ነገር ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ሲተረጎም 1 ሰዓት ይሆናል። «የ1 ሰዓት ጉብኝት» ተብሎ የተጻፈው ከ2 ሰዓት በላይ የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከእርሻው በፊት መጸዳጃ ያለበት ቦታ ላይ መቆም፣ ባለቤቱ የሚናገረውን ዋና ዋና ነጥብ አስቀድሞ ለአስተርጓሚው መላክ፣ ከሁለት ከተማዊ ጉብኝቶችም አንዱን መሰረዝ ነው። መሰረዙን ብዙ አዘጋጆች ይፈሩታል፤ ግን ሦስት ቦታ እየሮጡ ከማየት ሁለቱን በወጉ ማየት ይበልጣል።

የሹፌሩ ሰዓትም አለ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የአውቶቡስ ሹፌር በቀን መንዳት የሚችለው 9 ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ 10 ሰዓት ይፈቀድለታል። ከ4 ሰዓት ተኩል መንዳት በኋላም የ45 ደቂቃ ዕረፍት ግዴታው ነው። በመደበኛው 11 ሰዓት የዕለት ዕረፍት ስለሚያስፈልገው ሥራውን ከጠዋቱ 1 ሰዓት የጀመረ ሹፌር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ማብቃት አለበት። የእርሻው ጉብኝት ለዕረፍቱ የተመቸ ጊዜ ነው፤ ነገር ግን በመሃል «አውቶቡሱን ወደዚህ አምጣልን» ከተባለ ዕረፍቱ ይቋረጣል። ማውረጃና መጫኛው አንድ ቦታ ይሁን። ትልቅ አውቶቡስ 12 ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው በእርሻው መግቢያ መዞር ይችል እንደሆነም አስቀድሞ ይጠየቅ።

በአንድ ጫማ ከእርሻ ወደ እርሻ መሄድ

ከሁሉም ስህተት የከፋው ይህ ነው፤ ጉዳቱ የሚያርፈው በጎብኚው ላይ ሳይሆን በተቀበለው ገበሬ ላይ ነውና። አፍተግርን የመሰለ የእንስሳት ተላላፊ በሽታ በጫማ፣ በልብስና በመኪና ጎማ ላይ በተጣበቀ እበትና ጭቃ ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታንያ አፍተግር ሲነሣ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታርደዋል። ስለዚህ በአንድ ቀን ሁለት የእንስሳት እርሻ አይያዝ። ሁለት እርሻ ማየት የግድ ከሆነ አንዱ የአትክልት፣ የፍራፍሬ ወይም የእህል ይሁን። የአሳማና የዶሮ እርሻዎች ደግሞ ጎብኚው ሌላ እርሻ ከረገጠ ቀናት እንዲያልፉት ሊጠይቁ ይችላሉና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይበጃል።

መግቢያው ላይ ያለውን፣ ተህዋስ የሚገድል መድኃኒት የተሞላበትን የእግር መንከሪያ ብዙ ሰው ጫፉን ነካ አድርጎ ያልፈዋል። ያ ምንም አይጠቅምም። የመድኃኒቱን ኃይል እበትና አፈር ስለሚያዳክሙት መጀመሪያ ሶሉ በብሩሽና በውኃ ይጸዳል፤ ከዚያ ጫማው ይነከርና በመድኃኒቱ መመሪያ ላይ የተጻፈው ጊዜ ይጠበቃል። የመንከሪያው ውኃ ጭቃ ከመሰለ እንዲቀየር መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ሶሉ ጥልቅ ጥርስ ያለው የተራራ ጫማ ለማጽዳት ያስቸግራል። ከሁሉም የሚሻለው የእርሻውን ቦቲ መዋስ ነው። የፕላስቲክ የጫማ ሽፋን ጠጠር ላይ ቶሎ ስለሚቀደድ ለእያንዳንዱ ሰው ትርፍ ይያዝ።

የተረፈ ሳንድዊችም እርሻው ላይ አይጣል። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ቫይረስ በጨውና በማድረቅ በተዘጋጀ የአሳማ ሥጋ ውስጥ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ አሳማ ያንን ከበላ በሽታው ገባ ማለት ነው።

ቡድኑን ሳይከፋፍሉ ማስገባት

የማለቢያ ፓምፕ በሚጮህበት ቤት 45 ሰው አንድ ተናጋሪን አይሰማም። ከ15 እስከ 20 እየሆኑ መከፋፈልና ቦታ እየተለዋወጡ መዞር፣ ወይም ለሁሉም የጆሮ ማዳመጫ ማደል ያስፈልጋል። ከኋላ የቀረ ሰው መሰልቸት ብቻ አይደለም የሚደርስበት፤ አጥር ነክቶ፣ በር ከፍቶ፣ ራሱንም ሌላውንም አደጋ ላይ ይጥላል።

እንስሳውን እንደ ትርኢት ማየት

ላም ግራና ቀኟን ሰፊ ታያለች፤ ልክ ከኋላዋ ያለውን ግን አታይም፤ ስትደነግጥም ትራገጣለች። ከጎን፣ ድምፅ እያሰሙ መቅረብ ነው። በላምና በጥጃዋ መካከል ፈጽሞ አይቆምም። የፈሳሽ ፍግ ጉድጓድ ላይ ጎንበስ ብሎ ማየትም ሊገድል ይችላል። ከውስጡ የሚወጣው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም።

ልጆች የያዘ ቡድን ስለ እጅ መታጠብ ይበልጥ ይጠንቀቅ። ጥጃና ግልገል የሚይዙት ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ተህዋስ በአልኮል ጄል አይሞትም፤ እጅን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 20 ሰከንድ ማሸት ያስፈልጋል፤ ምግብም ከዚያ በኋላ ነው። ነፍሰ ጡሮች በሚወልዱ በጎችና ፍየሎች አጠገብ አይቁሙ፤ ፅንስ የሚያስወርድ ኢንፌክሽን ሊይዛቸው ይችላል። «ትኩስ ነው» ተብሎ የሚቀርብ ያልፈላ ወተትም በትሕትና ይመለስ።

ቁጥሩን ወደ ራስ መለኪያ ሳይቀይሩ መስማት

ባለቤቱ «በኤከር ይህን ያህል ቡሼል» ሲል ሁሉም ይጽፋል፤ ማታ ሆቴል ሲደርሱ ግን ማንም አይገባውም። 1 ኤከር 0.405 ሄክታር ያህል ነው፤ 1 ቡሼል ስንዴ 27.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የወተት መጠን ሲነገር በቀን ነው ወይስ በዓመት የሚለው እዚያው ይጠየቅ።

ጫማውን እንደቆሸሸ ሻንጣ ውስጥ መክተት

አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ከመግቢያው በፊት በነበሩት 30 ቀናት እርሻ ወይም እንስሳ የነካ መንገደኛ እንዲያሳውቅ ይጠይቃሉ። ኒውዚላንድ መታወቅ ያለበትን ነገር ያላሳወቀ ሰውን 400 የኒውዚላንድ ዶላር ትቀጣለች። የአሜሪካ ባለሥልጣናትም በውጭ አገር እርሻ የጎበኘ ሰው ከተመለሰ በኋላ ለ5 ቀናት ከከብት እንዲርቅ ይመክራሉ። «አዎ፣ እርሻ ሄጃለሁ» ብሎ ማሳወቅ አያስቀጣም፤ ጫማው ይታያል፣ ካስፈለገ ይታጠባል፣ ያበቃል። የሚያስቀጣው መደበቁ ነው።

ስለዚህ የጉብኝቱ ዕለት ማታ፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ ሶሉ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ይፈተግ፤ በጥርሱ መካከል የገባ ዘርና አፈር በእንጨት ይውጣ። የሱሪው ጫፍ ይታጠብ፤ ኪስ ይገልበጥ፣ ለመታሰቢያ የተለቀመ የእህል ዘለላ ካለም እዚያው ይቅር። ጫማው ደርቆ በፕላስቲክ ከረጢት ከሻንጣው ላይኛው ክፍል ይቀመጥ፤ ተቆጣጣሪው ሲጠይቅ ሻንጣው ሁሉ ሳይበረበር ይወጣል።