ከበሮ በሰው እጅ፦ የሙከራ ሙዚቃ ለመሥራት የሚነሳ ድራመር ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው አንድ ቀን ከበሮ ይዞ መደናገሩን አልጠራጠርም።

በ2024 በአሜሪካ ትልቅ ክብር ያለው የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማት ለታይሾን ሶሪ ተሰጠ፤ በ2025 ደግሞ ለሱዚ ኢባራ። (ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሁለቱም ከበሮ መቺዎች ናቸው። ሁለቱም መድረክ ላይ ያለ ኖታ እዚያው ይፈጥራሉ፣ ቤታቸው ገብተው ደግሞ ለሌላ ተጫዋች ይጽፋሉ። ከዚያ ወዲህ «እኔም እንደነሱ የሙከራ ሙዚቃ መሥራት አማረኝ» የሚሉኝ ወጣት ድራመሮች በዝተዋል፤ ከተለመደው ዘፈን ወጥቶ አዲስ ድምፅና አጨዋወት የሚፈልገውን ሙዚቃ ማለታቸው ነው። እኔ ዋሽንግተን አካባቢ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ላይ ችክችካ የምመታ ሰው ነኝ። በሥራ ቀን ማታ ግን ሰላሳ ሰው በማይሞላበት ክፍል ውስጥ ሲምባል (ከከበሮው ጋር የሚመታውን የነሐስ ሳህን) በቫዮሊን ደጋን ስገዘግዝ አመሻለሁ። ለሚጠይቁኝ የምነግራቸው ያጠፋሁትን ነው፤ እሱን በደንብ አውቀዋለሁ።

ያገኙትን ሁሉ መምታት

ጀማሪ የሙከራ ሙዚቃ ሲባል ሕግ የሌለው ሙዚቃ ይመስለዋል። ድስት፣ ሰንሰለትና የመኪና ቸርኬ ሰብስቦ ያንኳኳል። ድስቱ ምንም አላጠፋም። ግን ምን ፈልገህ መታኸው ሲባል መልስ ሊኖር ይገባል።

አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆን ኬጅ በ1940 አካባቢ ሲያትል ውስጥ ሲቪላ ፎርት ለምትባል ዳንሰኛ ሙዚቃ መሥራት ነበረበት። ልቡ የፈለገው የምት መሣሪያዎች ቡድን ነበር። መድረኩ ግን ለዚያ አይበቃም፣ እዚያ ያለው ፒያኖ ብቻ ነው። በክሮቹ መሀል ብሎንና ቁርጥራጭ ነገር እየሸጎጠ ፒያኖውን ራሱን የከበሮ ቡድን አደረገው። ያ ድምፅ የመጣው ቦታ ከመጥበቡ ነው፣ እንግዳ ሆኖ ለመታየት ብሎ አይደለም። በ2021 ያረፈው የኒው ዮርኩ ከበሮ መቺ ሚልፎርድ ግሬቭስም ከከበሮዎቹ የታችኛውን ቆዳ ያወለቀው ድምፁ ተከፍቶ እንዲወጣለት ነው። የሰው ልብ ምትን ለብዙ ዓመታት እየቀረጸ አጥንቷል። ልብ እንደ ሜትሮኖም እኩል እየቆጠረ እንደማይመታ ከዚያ አይቶ፣ እጁንም እንደዚያው አስለመደ።

ሲምባል በደጋን መጫወትን ላሳያችሁ። ደጋኑ በደንብ ሮዚን (ለደጋን የሚሆን ደረቅ የዛፍ ሙጫ) ይቀባል። ሲምባሉ መሀሉ ላይ ካለችው ጉብታ በግራ እጅ ይያዛል። ደጋኑ ከጠርዙ ጋር ቀጥ ብሎ ይቆምና ከታች ወደ ላይ በቀስታ ይሳባል። ከፈጠኑ ሲጥ ይላል፣ ከተጫኑት ይታፈናል። አንድ ጣት ጠርዙ ላይ ጣል ሲደረግ ድምፁ ሳይታሰብ ወደ ላይ ይዘልላል። ተመልካች በመጀመሪያው ቀን ያጨበጭብላችኋል፤ ያው ድምፅ በነጋታው ይምጣ ቢባል ግን አይመጣም። እኔ አንዱን ድምፅ በፈለግኩት ሰዓት ለማውጣት አራት ወር ፈጅቶብኛል። እስከዚያ ድረስ ድምፁን ያወጣው ሲምባሉ ነበር፣ እኔ አልነበርኩም።

እጅን አለማሳረፍ

ከሁሉም የከፋው ይኼ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሳክስፎን ተጫዋችና ከአንዲት ቫዮሊን ተጫዋች ጋር ለ40 ደቂቃ ያህል ያለ ምንም ኖታ ተጫወትን። ላቤ ጠብ እያለ፣ ደስ ብሎኝ ወረድኩ። ቤት ገብቼ ቅጂውን ስሰማው እጄ ያረፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንደኛው ዱላዬ ወድቆብኝ ነው። ልጅቷ 12ኛው ደቂቃ ላይ ፀጉር የምታህል ቀጭን ድምፅ ጀምራ ነበር፤ እላዩ ላይ ሲምባል ደፋሁበት። 19ኛው ላይ እንደገና ሞከረች፤ አሁንም ደፋሁበት። ከዚያ በኋላ ተወችው፣ እስከ መጨረሻው እኔን ስታጅብ አመሸች። ደውዬ ይቅርታ ስጠይቃት «ኧረ ምንም አይደል» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ለሥራ ጠርታኝ አታውቅም።

ድራመር ለዚህ ስህተት የተመቻቸ ነው። ባንድ ውስጥ ከበሮው ካቆመ ዘፈኑ ይወድቃል። ሰርግ ላይ ደግሞ ትከሻው የሞቀ ሰው ፊት ችክችካውን የሚያቆም ድራመር ምን እንደሚባል የሞከረ ያውቃል። ዓመታት እንዲህ የሠራ እጅ ዝምታ ይፈራል። ሦስት ሴኮንድ ባዶ ከሆነ የጎደለውን መሙላት የሱ ዕዳ ይመስለዋል።

መድኃኒቱ ለየት ያለ ልምምድ ነው። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ሞርተን ፌልድማን በ1964 ለአንድ የምት ተጫዋች «የዴንማርክ ንጉሥ» የተባለ ሥራ ጽፏል። በዚህ ሥራ ዱላ የሚባል ነገር አይነካም፤ ሁሉም በጣት፣ በመዳፍና በክንድ ነው፣ እጅግ ዝቅ ብሎም ነው። እሱን ለማጥናት ስቀመጥ መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ልብስ መንኮሻኮሽ ነበር፤ ሸሚዝ ቀይሬ ተመለስኩ። ለንደን ውስጥ ደግሞ በ1965 ኤኤምኤም የተባለውን ያለ ኖታ የሚጫወት ቡድን ከመሠረቱት አንዱ ኤዲ ፕሬቮስት ከ1999 ጀምሮ ሳምንታዊ የልምምድ መድረክ አቋቁሟል። እሱም ከበሮ መቺ መሆኑ አጋጣሚ አይመስለኝም።

እኔ ከጓደኛ ጋር የምሠራት ጨዋታ ቀላል ናት። አሥር ደቂቃ እንቀርጻለን፤ የምመታው ጓደኛዬ አሁን ያደረገውን በልቤ በአንድ ቃል መጥራት ስችል ብቻ ነው፦ «ጎተተ»፣ «ቆረጠ»፣ «ጠበቀ»። መጥራት ካልቻልኩ አልሰማሁትም ማለት ነው፣ ስለዚህ አልመታም። ጠሩት ማለት ደግሞ ድገሙት ማለት አይደለም። ሌላው ባጉረመረመ ቁጥር አብሮ የሚያጉረመርም ሰው ከማዳመጥ ይልቅ የገደል ማሚቶ ሥራ እየሠራ ነው።

የራስን ከበሮ ለጌጥ ማምጣት

በተለይ ውጭ ያለን ሰዎች ይቺን እንወዳታለን። መድረኩ ላይ አንድ ከበሮ በጨርቅ አሳምረን እናስቀምጣለን፣ በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ሁለቴ ደለቅ እናደርገዋለን፣ ፈረንጁም ያጨበጭባል።

ማሕሌት ቆሞ ያደረ ሰው ግን ከበሮው ከዚያ የበለጠ እንደሆነ ያውቃል። መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነው፣ ቁም ዜማ። ከዚያ መቋሚያ ይነሳል፣ ዝማሜ ይሆናል። ጸናጽልና ከበሮው ሲገቡ ያው ዜማ አካሉ ይለወጣል፣ እያደር ይፈጥናል፣ ጭብጨባ ይከተላል። ሰፊው አፍ ወፍራሙን ድምፅ ይይዛል፣ ጠባቡ ቀጭኑን። አንድን ሐሳብ ሌሊቱን ሙሉ ሳይቸኩሉ እንዴት ማሳደግ እንደሚቻል የሙዚቃ ደራሲዎች ውድ ትምህርት ቤት ገብተው ይማሩታል፤ እኛ ጋ ደብተራዎች ሲያደርጉት ኖረዋል። ስለዚህ መዋስ የሚገባን መልኩን ሳይሆን ጊዜ አያያዙን ነው። የቤተ ክርስቲያን ንዋይ የሆነውን ከበሮ ግን ክለብ ይዞ መግባት አይገባም፤ ለዘፈን የሚሆን ከበሮ ለብቻው ይሠራል።

ይህ መንገድ በኛም ሰው ተሞክሯል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከአፍ አውጥቶ ሳክስፎን ላይ ሲያስቀምጠው ያደረገው ይህንኑ ነው። ኋላ ሙከራን ከሮክ ጋር የሚያጋቡት የሆላንዶቹ ዘ ኤክስ አብረውት ለመሥራት ሲመጡ (አልበማቸው በ2006 ወጥቷል) እሱ ያንኑ ሽለላውን ይዞ ገባ። ሙላቱ አስታጥቄም በ1960ዎቹ ቦስተንና ኒው ዮርክ ላይ ቫይብራፎን (በዱላ የሚመቱ የብረት ቁልፎች ያሉት መሣሪያ) እና ኮንጋ የሚባለውን ረጅም የእጅ ከበሮ ይዘው የተነሱት ከኛው ቅኝቶች ነው። ኢባራ ደግሞ ኩሊንታንግ የሚባለውን የፊሊፒንስ የጎንግ ጨዋታ ተምራ ነው ወደ ሥራዋ ያስገባችው። ቁንጽል ይዞ መድረክ የወጣ ሰው በሁለተኛው ኮንሰርት ያልቅበታል።

ዕቃ ማብዛት

እዚህ ላይ አልቆይም፤ ጀርባዬ ይመስክር። ሦስት ጎንግ፣ ስድስት ሲምባል፣ የማይታጠፍ ማቆሚያ እየጎተትኩ አንድ አውሮፕላን ማረፊያ ለሻንጣ የከፈልኩት ለጨዋታው ከተከፈለኝ ይበልጥ ነበር። በ1942 የተወለደው የሆላንዱ ከበሮ መቺ ሃን ቤኒንክ አንዲት ስኔር (ሥሯ ሽቦ ያለባት ትንሽ ከበሮ) ብቻ ይዞ ሙሉ ምሽት ይጫወታል፤ ስኔሯ ካልበቃችው ወለሉን፣ ወንበሩን፣ ግድግዳውን ይመታል። የተጋበዛችሁበት ቦታ ምን ዓይነት ከበሮ እንዳለው ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ትንንሹን ብቻ ያዙ። ለምሳሌ ሱፐርቦል የምትባለዋን የጎማ ኳስ ቀጭን ዘንግ ላይ ሰክቶ ቆዳው ላይ መጎተት ነው፤ ከበሮው ያቃስታል፣ ኪስ ውስጥ ደግሞ ትገባለች። የቆዳ ከበሮ ያላችሁ በክረምት ከቤት ማሞቂያ አርቁት። የኔው አንድ ጥር ላይ ሌሊት ተሰንጥቆ ሌባ የገባ መስሎኝ ነበር።

ወረቀት መናቅ

«እኔ እዚያው የምፈጥር ሰው ነኝ፣ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?» የሚል አለ። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግም፣ በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው በሆነ ነገር ላይ ሲሰፍር ነው፤ አየር ላይ የቀረ ጨዋታ አይያዝም። ስለዚህ ይቀረጽ። በዚያው ሌሊት፣ መኪና ውስጥም ቢሆን፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የተጫወቱት ሰዎችና ድርሻቸው ይጻፍ። እኛ ሦስት ሆነን የቀዳነውን አንድ ሥራ ለዳንስ ትርኢት የሚፈልጉ ሰዎች መጥተው ነበር። የማን ነው የሚለውን ስንጨቃጨቅ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ሰዎቹ የሌላ ሰው ሙዚቃ ወሰዱ። አሁን ሳንጫወት በፊት «እኩል ለሦስት» ብለን በስልክ መልእክት እንጻጻፋለን፤ አንድ መስመር ናት።

የመጻፍ ሌላው ጎን ለሌላ ተጫዋች የሚሰጠው ወረቀት ነው። ክብ፣ ነጠብጣብና ጭረት አሳምሮ ስሎ «እንደተሰማህ ተጫወተው» ማለት ለግድግዳ ይሆናል፣ ለተጫዋች ግን አይሆንም። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሽቶክሃውዘን በ1959 ለአንድ የምት ተጫዋች የጻፈው «ሲክሉስ» ለተጫዋቹ የሚሰጠው ነፃነት ያስደንቃል፤ ከፈለገው ገጽ ይጀምራል፣ ወረቀቱንም ገልብጦ ማንበብ ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ምልክት የትኛው መሣሪያ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚመታ ተለይቶ ተቀምጧል። ነፃነቱ የቆመው በዚያ ጥንቃቄ ላይ ነው። ወረቀታችሁን ለማታውቁት ድራመር ስጡት፣ አጠገቡም አትቁሙ። አሥር ጥያቄ ይዞ ከደወለ ገና አልጻፋችሁትም።

ሰርጉን መተው፣ ሽልማቱን መጠበቅ

ሶሪ በ2017 ያገኘው፣ በአሜሪካ ለፈጠራ ሰዎች የሚሰጠው የማክአርተር ሽልማት ማመልከቻ የሚባል ነገር የለውም፤ ሌሎች ሰዎች ይጠቁማሉ፣ ተሸላሚው ስልክ ሲደወልለት ይሰማል። ፑሊትዘር ደግሞ በተቃራኒው ሥራው ካልገባ አይታይም። ልዩነቱን የማያውቅ ሰው በማይጠየቀው ላይ ይደክማል፣ የሚጠየቀውን ያሳልፋል። ማመልከቻ ስትጽፉ «ድንበር የለሽ የድምፅ ጉዞ» የሚለውን ትታችሁ «አራት ከበሮ፣ ሁለት ደጋን፣ 35 ደቂቃ» በሉ። ቪዲዮውም ሰው ወንበር ሲያስተካክል አይጀምር።

እስከዚያው የቤት ኪራይ አለ። ግሬቭስ ከ1973 ጀምሮ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ቤኒንግተን ኮሌጅ አስተምሯል፤ ሶሪም ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ሰርግ መሥራት ያሳፍረኛል የሚል ወጣት አጋጥሞኛል። እኔ ሰው እግሩን ከማንሳቱ በፊት ትከሻው ላይ ማንበብ የተማርኩት ሰርግ ላይ ነው፤ ማክሰኞ ማታ በዚያች ባዶ ክፍል የምጠቀምበትም እሱኑ ነው።

ጆሮን መርሳት

የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም የሚመክረው 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በሚደርስ ድምፅ ውስጥ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ነው። ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲምባል ለሚመታ ሰው 100 ሩቅ አይደለም። ለሙዚቀኛ ተብሎ የሚሠራ የጆሮ መድፈኛ አለ፤ ድምፁን ሳያበላሽ ዝቅ ያደርገዋል። እኔ የገዛሁት ዘግይቼ ነው። ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል በግራ ጆሮዬ አንድ ቀጭን ፉጨት ይሰማኛል፤ በደጋን የተሳበ ትንሽ ሲምባል ይመስላል፣ ጠርዙ ላይ ጣት ጣል ተደርጎ።