ሴፕቲኩ በእርግጥ ሞልቷል? መጣጭ መኪና ከመጥራትዎ በፊት

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ በአዲስ አበባ የመጣጭ መኪና ወረፋ ይረዝማል። ሽንት ቤቱ አልወርድ ካለ ወይም ግቢው ከሸተተ መጀመሪያ የሚባለው «ሴፕቲኩ ሞላ» ነው። መኪናው መጥቶ ይመጥጣል፣ ሒሳቡ ይከፈላል፣ ወር ሳይሞላ ያው ችግር ይመለሳል። እንዲህ የሚሆነው ጥፋቱ ከታንኩ በፊት ባለው መስመር ወይም ከታንኩ በኋላ ባለው፣ ውሃውን ወደ አፈር በሚያሰርገው ማስረጊያ ጉድጓድ ላይ ሲሆን ነው።

በትክክል የተሠራ ሴፕቲክ ታንክ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ፍሳሹ መጀመሪያ ትልቁ ክፍል ገብቶ ያርፋል፤ ከባዱ ይዘቅጣል፣ ቅባትና ቀላል ነገር ከላይ እንደ ቅርፊት ይንሳፈፋል። መሀል ላይ የቀረው ጠራ ያለ ውሃ በሁለተኛው ክፍል አልፎ በመውጫው ቱቦ ወደ ማስረጊያው ይወርዳል። ስለዚህ ውሃው ዘወትር በመውጫው ቱቦ የታችኛው ከንፈር ልክ ይቆማል። መታየት ያለበትም ይኸው ነው፦ ውሃው ከዚያ ከንፈር በላይ ነው፣ በታች ነው ወይስ ልክ ላይ?

ችግር፦ ታንኩ የት እንዳለ አይታወቅም

ቤት ገዝተው የገቡ ሰዎች የተለመደ ችግር ነው፤ ግቢው ቴራዞ ወይም ኮብል ከተነጠፈበት ደግሞ ይብሳል። የሳኒተሪ ፕላኑ በእጅዎ ካለ ይመልከቱት፣ ግን አይመኑት። ሠራተኛው ድንጋይ ሲያጋጥመው ጉድጓዱን ወደ ጎን ማዛወሩ የተለመደ ነው።

የሚያስተማምነው መስመሩን መከተል ነው። ከሽንት ቤቱ ውጪ፣ ግድግዳው ሥር የመጀመሪያውን ፖዜቶ (ባለ ክዳን የመስመር መፈተሻ ጉድጓድ) ይፈልጉ። ክዳኑን ከፍተው ሌላ ሰው ውሃ እንዲለቅ ያድርጉና ወዴት እንደሚሄድ ይዩ። መስመሩ አቅጣጫ የሚቀይረው ብዙውን ጊዜ ፖዜቶ ላይ ስለሆነ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ቀጥታ መሄድ ይበቃል። መጨረሻው ፖዜቶ ላይ ሲደርሱ ጓንት አድርገው የቱቦ መክፈቻ ስፕሪንግ ወደ ውስጥ ይላኩ። ታንኩ ጋ ሲደርስ ወይ ከመግቢያው ቲ (ባለ ሦስት አፍ ቱቦ) ጋር ተጋጭቶ ይቆማል፣ ወይ ድንገት ይላላል። እዚያ ላይ ስፕሪንጉን በፕላስተር ምልክት አድርገው ያውጡና በዚያው አቅጣጫ መሬት ላይ ይዘርጉት። ምልክቱ ያረፈበት የታንኩ ጠርዝ አካባቢ ነው።

ቦታውን ለማረጋገጥ 1.20 ሜትር የሚሆን ባለ 10 ሚሊ ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) አንዱን ጫፍ አሹለው፣ ሌላውን ለእጀታ አጥፈው በየ30 ሴንቲ ሜትሩ በእጅ ክብደት ብቻ ይውጉ። ድንጋይ ከሆነ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ሲወጉ ይጠፋል። ሶሌታ (የታንኩ የኮንክሪት ክዳን) ከሆነ ግን ሦስት አራት ቦታ በእኩል ጥልቀት ይመልሳል። በመዶሻ አይምቱት፤ ፒቪሲ ቱቦና የተቀበረ የመብራት ገመድ ይበሳል። ንጣፍ ላይ ከሆነ በመዶሻ እጀታ እያንኳኩ ይሂዱ፣ ባዶው ቦታ ድምፁ ወፍራም ነው። ከመሬት ወጥቶ የቆመ የማስተንፈሻ ቱቦ፣ በበጋ ሳይደርቅ አረንጓዴ የሆነ ሣር፣ ዝቅ ያለ አፈር ሁሉ ይጠቁማሉ።

ካገኙት በኋላ ከሁለት የቤት ማዕዘኖች እስከ ክዳኑ መሀል ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ከቤቱ ካርታ ጋር ያስቀምጡ። ሁለት ቁጥር በቂ ነው፣ ንጣፍ ቢለበስበትም መገናኛቸው አይጠፋም። ዕድሜው ያልታወቀ ሶሌታ ላይ ግን መኪና አያቁሙ፣ ልጆችም እንዲዘሉበት አይፍቀዱ።

ክዳኑን ሲከፍቱ

ውስጡ ሰው የሚገድል ጋዝ አለ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ራሱን ያደነዝዛል፤ ሽታው ስለጠፋ ጋዙ ወጥቷል ማለት አይደለም። ሚቴን ደግሞ በክብሪት ይቀጣጠላል። ሲጋራም ሻማም አይቅረብ፣ በባትሪ ይብራ። የተመጠጠም ቢሆን፣ ከታች በተገለጸው ጥንቃቄ ለጥገና ከሚገባ ባለሙያ በስተቀር ማንም አይግባበት። ሰው ቢወድቅ ሊያወጣው ብሎ የሚገባ ሁለተኛ ሰው አብሮ ይሞታል፤ በአዲስ አበባ 939 ይደውሉና ከላይ በገመድ ለመርዳት ብቻ ይሞክሩ።

ችግር፦ ሽንት ቤቱ አይወርድም፣ የታንኩ ውሃ ግን ልኩ ላይ ነው

መስመሩ ተዘግቷል። ፖዜቶዎቹን ከቤቱ ጀምረው በተራ ይክፈቱ። የሞላው ፖዜቶና ደረቁ ፖዜቶ መካከል ያለው ቱቦ ነው የተደፈነው። ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ እርጥብ መጥረጊያና ጨርቅ ዋነኞቹ ናቸው። ከታች ወደ ላይ፣ ማለትም ከደረቁ ፖዜቶ ጀምሮ ስፕሪንግ መላክ ይሻላል፤ የተያዘው ነገር ወደ ታንኩ ከመገፋት ይልቅ ተስቦ ይወጣል። አሲድ አይድፉ፤ ጨርቅ አያሟሟም፣ ቆሞ የቀረው አሲድም በኋላ የሚከፍተውን ሰው ያቃጥላል።

ሁሉም ፖዜቶ ሞልቶ ታንኩ ልክ ላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የተደፈነው መግቢያው ቲ ነው። ቅርፊቱ ወፍሮ አፉን ዘግቶታል፤ በረጅም እንጨት ከላይ ወደ ታች ይግፉት። ይህ ሲደጋገም የዝቃጩ መለኪያ ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። በየስድስት ወሩ የሚደፈን መስመር ካለዎት ደግሞ ተዳፋቱን ያስለኩ። ለ110 ሚሊ ቱቦ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ጠጣሩ መንገድ ላይ ይቀራል።

ችግር፦ ውሃው ከመውጫው ቱቦ በላይ ነው

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ታንኩ ሥራውን እየሠራ ሳለ የሚቀበለው አጥቷል፤ ማስረጊያ ጉድጓዱ አልሰርግ ብሏል። መኪናው በሚመጥጥበት ጊዜ ቆመው መውጫውን ቱቦ ይመልከቱ። ታንኩ ሲጎድል ከመውጫው ወደ ኋላ ውሃ የሚንዶለዶል ከሆነ ማስረጊያው ራሱ እስከ አፉ ሞልቷል።

መጠኑንም ማስላት ይቻላል። ውስጡ 2 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋት፣ 1.5 ሜትር የውሃ ጥልቀት ያለው ታንክ 3,000 ሊትር ይይዛል። ስድስት ሰው እያንዳንዱ በቀን 80 ሊትር ቢጠቀም 480 ሊትር ነው፤ ታንኩ በስድስት ቀን ልኩ ላይ ይደርሳል። «በሳምንቱ ተመልሶ ሞላ» ተብሎ መጣጩ ሲወቀስ እንሰማለን፤ ልኩ ላይ ቆሞ ከሆነ ምንም ችግር የለም። ከልኩ አልፎ ሲወጣ ነው ማስረጊያው የሚጠረጠረው።

ማስረጊያን የሚገድሉት ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው መውጫው ላይ ያለው ቲ መሰበሩ ወይም ከመጀመሪያው አለመገጠሙ ነው። ቲው ከሌለ ቅርፊቱና ቅባቱ በቀጥታ ያልፍና የጉድጓዱን ግድግዳ እንደ ሰም ይለብጠዋል። ባለ 110 ቲ ይገዛል፤ የታችኛው እግሩ ከውሃው ወለል እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል (የ1.5 ሜትሩ ጥልቀት 40 በመቶ መሆኑ ነው)፣ የላይኛው እግር 15 ሴንቲ ሜትር ከውሃው በላይ ወጥቶ አፉ ክፍት ይቀራል። በጎሚቶ (በክርን ቱቦ) የተካ ሠራተኛ ካለ ያስቀይሩት፤ የጎሚቶው ራስ ዝግ ስለሆነ ጋዝ አያስተነፍስም፣ ሲደፈንም ከላይ እንጨት አያስገባም። በጣም ርካሹ ዕቃ ይኸው ነው፣ የሚያድነው ግን ከሁሉም ውዱን ጉድጓድ ነው።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር መረሬ እርጥበት ሲያገኝ ያብጥና ውሃ ማሳለፉን ያቆማል። አዲስ ጉድጓድ ከማስቆፈርዎ በፊት ይፈትኑት። ማስረጊያው በሚደርስበት ጥልቀት 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ሞልተው ያሳድሩት። በማግስቱ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ጨምረው በሰዓት ስንት እንደወረደ ይለኩ። በአንድ ሰዓት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከወረደ እዚያ ማስረጊያ አይሠራም፤ ጥልቁን ማስጨመርም አያድንም። መንገዱ ላይ የከተማው ፍሳሽ መስመር ካለ ከእሱ ጋር ማገናኘት ነው። ከሌለ ሰፋ ያለ ማጠራቀሚያ ሠርቶ በየጊዜው ማስመጠጥ ግዴታ ይሆናል፤ ወጪው በጀት ውስጥ ይግባ።

ሦስተኛው ከሰው ያልመጣ ውሃ ነው። 100 ካሬ ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 2,000 ሊትር ነው፤ የጣራው አሸንዳ ወደ ፖዜቶ ከተቀጠለ በአንድ ከሰዓት የታንኩን ሁለት ሦስተኛ ያጥባል፣ ዝቃጩንም ይዞት ይወጣል። አሸንዳው ወደ ጎርፍ መውረጃው ይመለስ። በበጋም ውሃው ከበዛ የሽንት ቤቱን መልቀቂያ ውሃ ማጠራቀሚያ ሳጥን ይጠርጥሩ። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ፣ ጠዋት ከተለወጠ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። በዚሁ ሳጥን ውስጥ ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ጨምረው ሳይለቁ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ መቀመጫው ውስጥ ከቀላ ጎማው ያሳልፋል።

አዲስ ማስረጊያ ሲሠራ ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 5 ሜትር፣ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። የጎረቤት የውሃ ጉድጓድም ይቆጠራል።

ችግር፦ ውሃው ከመውጫው በታች ነው

በቅርቡ ካልተመጠጠ ታንኩ ያንጠባጥባል። ልስኑ የተሰነጠቀ ወይም ያልተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ነው። ብዙዎች «የኛ ሴፕቲክ አሥር ዓመት ሳይሞላ» ይላሉ። ያ ሴፕቲክ ያልታከመ ፍሳሽ መሬት ውስጥ እየለቀቀ ነው፤ በአቅራቢያው የውሃ ጉድጓድ ያለው ሰው እየጠጣው ሊሆን ይችላል። ተመጥጦ፣ በማራገቢያ አየር ገብቶለት፣ ሥራውን በሚያውቅና ከላይ በገመድ በተያዘ ሰው በ1 ለ3 ሲሚንቶና አሸዋ፣ ውሃ እንዳያስገባ የሚያደርግ ኬሚካል ተጨምሮበት በሁለት ድርብ ይለሰን።

መቼ ይመጠጥ?

3 ሜትር እንጨት ታችኛውን 1 ሜትር በነጭ ፎጣ ጠቅልለው ቀስ ብለው እስከ ወለሉ ያውርዱ፣ ሦስት ደቂቃ ቆይተው ቀስ ብለው ያውጡ። ጥቁር ዝቃጭ የያዘው ከፍታ በፎጣው ላይ ይነበባል። ዝቃጩና ቅርፊቱ አንድ ላይ የውሃውን ጥልቀት አንድ ሦስተኛ ሲደርሱ፣ ማለትም በ1.5 ሜትር ታንክ 50 ሴንቲ ሜትር ሲሆኑ፣ መኪና ይጠራል።

በግምት አንድ ሰው በዓመት 40 ሊትር ዝቃጭ ያስቀምጣል። ስድስት ሰው 240 ሊትር ስለሆነ የ3,000 ሊትሩ ታንክ አንድ ሦስተኛ (1,000 ሊትር) በአራት ዓመት ይሞላል፤ ቅርፊቱ ሲታከል ሦስት ዓመት ይበሉት። ሰርቪስ ቤቶቹን አከራይተው ሌላ ስድስት ሰው ከጨመሩ ግማሽ ይሆናል። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች ዝቃጩ በቆላ ከተሞች ካለው ቀስ ብሎ ይበሰብሳል። የላቫንዲኖ ቅባት፣ የቡና አተላና የጠላ አተላ ደግሞ ያፋጥኑታል፤ በማጣሪያ ይያዙና ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣሉ። በረኪና ለማጽጃ የሚሆነው ጥቂቱ ይቻላል፣ በጀሪካን መድፋት ግን ዝቃጩን የሚያበሰብሱትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። የባክቴሪያ ዱቄት መግዛት አያስፈልግም፤ ሰው የሚጠቀምበት ታንክ በየቀኑ ይቀበላል።

ችግር፦ ቤት ውስጥ ይሸታል

ብዙም የማይጠቀሙበት የእንግዳ መታጠቢያ ካለ ሲፎኑ (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው የታጠፈ ቱቦ) ደርቋል፤ አንድ ሊትር ውሃ ያፍስሱ። ሽታው ግቢ ውስጥ ከሆነ ማስተንፈሻው ከጣራው 50 ሴንቲ ሜትር በላይ ይውጣ፣ አፉ በወንፊት ይሸፈን፤ ትንኝም በዚያው ይቆማል። ትንኝና በረሮ ለመግደል ቤንዚን ወይም የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስ አደገኛ ነው።

የመመጠጫው ቀን

በጠቅላላ «ይመጠጥ» ሳይሆን በቢያጆ (በመኪናው ምልልስ) ይስማሙ፤ የመኪናው ይዘት ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ ይጠይቁ። ሁለቱም ክፍል ይከፈት፤ ሁለተኛው ብቻ ከተመጠጠ የወጣው ውሃ ነው፣ ዝቃጩ እዚያው ቀርቷል። ቅርፊቱ ከደረቀ ቱቦው አይስበውም፤ በእንጨት ተሰብሮ ከውሃው ጋር ይቀላቀል። መኪናው የት እንደሚያራግፍ ይጠይቁ። ቃሊቲና ኮተቤ የተዘጋጁ ቦታዎች አሉ፤ ወንዝ ውስጥ የሚደፋ ርካሽ ዋጋ አይቀበሉ።

ታንኩ ባዶ ሆኖ በክረምት አይደር፤ ከሥር የሚገፋው ውሃ ግድግዳውን ይሰነጥቃል፣ ፕላስቲክ ከሆነም ያንሳፍፈዋል። ወዲያው በውሃ ይሙሉት። ክዳኑን ሲያሽጉ ዙሪያውን በጭቃ ወይም ሲሚንቶው በቀነሰ ስስ ሞርታር ይሙሉት፤ በጠንካራ ሲሚንቶ የተዘጋ ክዳን በሚቀጥለው ጊዜ የሚከፈተው በዲጂኖ ተሰብሮ ነው።