የፊት ፍርግርጉ የተበየደ ዊሊስ ጂፕን ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ መኪና አምራቾቹ ዊሊስና ፎርድ ከ640,000 በላይ ጂፖችን ሠርተዋል። ከእነዚህ መካከል የፊት ፍርግርጋቸው ከጠፍጣፋ ብረቶች ተበይዶ የተሠራው የመጀመሪያዎቹ ዊሊስ ኤምቢዎች (ኤምቢ የዊሊስ የጦር ጂፕ ሞዴል ስም ነው) 25,000 ገደማ ብቻ ናቸው። ይህ ፍርግርግ እ.ኤ.አ. ከ1941 መገባደጃ እስከ 1942 መጀመሪያ ከተሠራበት በኋላ፣ ፎርድ ባወጣውና ከአንድ ላሜራ ተጨፍልቆ በሚሠራው ባለ ዘጠኝ ክፍተት ፍርግርግ ተተክቷል። እንዲህ ያለ ተሽከርካሪ እጁ የገባ ሰው የሚፈጽመው ትልቁ ስሕተት ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ፈታትቶ ቀለሙን በአሸዋ ማስገረፍ ነው፤ ከቀለሙ ጋር የመኪናው ታሪክ አብሮ ይጠፋልና።

ስለዚህ ቁልፍ ከመያዝዎ በፊት ማንነቱን ያረጋግጡ። በሻንሲው (አካሉን በሚሸከመው የብረት አጽም) ፊት ለፊት ያለው ተሻጋሪ ብረት ክብ ቱቦ ከሆነ ሻንሲው የዊሊስ ነው፤ የተገለበጠ የዩ ቅርጽ ካለው ግን የፎርድ ነው። ፎርድ በብዙ ዕቃዎቹና በቡሎኖቹ ራስ ላይ ሳይቀር የኤፍ ፊደል ያትም ስለነበር፣ የተቀላቀሉትን ዕቃዎች ለመለየት ይህ ምልክት በእጅጉ ይረዳል። የዊሊስ የሻንሲ ቁጥር ከፊት መከላከያው ኋላ፣ በግራው የሻንሲ ብረት ውስጠኛ ጎን በተለጠፈ ትንሽ ሳህን ላይ ይገኛል። የጦር ሠራዊቱ ጋራዦች ዕቃ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውሩ ስለነበር፣ ድብልቅ ሆኖ የተገኘ ጂፕ ሁሉ የተጭበረበረ ነው ብሎ መደምደም አይገባም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ ከሁሉም ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቀው፣ ለእኔም እጅግ የሚያረካው ነው። የኮፈኑን ሁለት ጎኖች በውኃ በራሰ ባለ 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ በቀስታና በክብ እንቅስቃሴ ይፈግፍጉ። የኋለኞቹ ቀለሞች አንድ በአንድ ሲሳሱ፣ ከደበዘዘው የወይራ አረንጓዴ በላይ በሰማያዊ ግራጫ ወይም በነጭ የተጻፈ፣ በ20 የሚጀምር የሠራዊት መለያ ቁጥር ሊወጣ ይችላል። አንድ አኃዝ ብቅ ሲል ያቁሙ፤ ብርሃኑን ከጎን አብርተው ፎቶግራፍ ያንሱ፤ የፊደሉን ቁመትና ከጠርዙ ያለውን ርቀት ለክተው በመዝገብ ያስፍሩ። አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ደረቁን አይፈግፍጉ፤ የአፍንጫ መሸፈኛም ያድርጉ።

በመፍታት ጊዜ ሁለት ነገሮች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። በግራ በኩል ያሉት የጎማ ዳዶዎች ጥርሳቸው የግራ ስለሆነ የሚፈቱት ወደ ቀኝ በማዞር ነው፤ ይህን ሳያውቁ ታግለው ቡሎኑን የቆረጡ ብዙዎች ናቸው። ሁለተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው፦ ጂፑ ሁለት ግማሾቹ በቡሎን የተያያዙ ቸርኬዎች ተገጥመውለት ከሆነ፣ የጎማው አየር ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ እነዚያን ቡሎኖች ፈጽሞ አይንኩ፤ ግማሹ ቸርኬ ተስፈንጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል።

የአካሉ ደመኛ ከወለሉ ሥር ነው። ወለሉን በሚደግፉት የባርኔጣ ቅርጽ ባላቸው ብረቶች ውስጥ እንጨት ተወትፎ ስለነበር፣ እንጨቱ ለዓመታት ውኃ እየያዘ ላሜራውን ከውስጥ አበስብሶታል። የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ በተመሳሳይ ውፍረት ላሜራ መበየድ አዲስ አካል ከመግዛት ይልቅ አድካሚ ነው፤ ቢሆንም ፍርግርጉንና የመጀመሪያውን ላሜራ ያጣ ጂፕ ብርቅነቱ የቱ ላይ እንደሚቀር አይታየኝም።

ባለ 2.2 ሊትሩና ባለ 60 የፈረስ ጉልበቱ ሞተር የማይዞር ከሆነ፣ በሻማዎቹ ቀዳዳ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጨምረው ቀናት ይጠብቁ፤ ከዚያም በማኖቬላ (ሞተሩን በእጅ በሚያዞረው ብረት) ወዲያና ወዲህ በቀስታ ይሞክሩት። የዚህ ሞተር ቫልቮች በቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው የሞተሩ ክፍል) ሳይሆን በብሎኩ ጎን ስለሚቀመጡ፣ ቴስታታውን አንሥተው በጭስ ማስወጫው ቫልቭ መቀመጫና በሲሊንደሩ መካከል ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን ይመርምሩ። በውስጡ የቀረ ውኃ በብርድ ረግቶ የሰነጠቀው ብሎክም አልፎ አልፎ ያጋጥማል።

መብራቱና አስነሺው በ6 ቮልት ስለሚሠሩ ገመዶቹ በ12 ቮልት ከተለመዱት መወፈር አለባቸው፤ አስነሺው ሲለግም ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቀጠነ ገመድ ወይም ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው የመሬት (ኔጋቲቭ) ገመድ ማያያዣ መዛግ ነው። ፍሬኑ አራቱንም ጎማዎች በአንድ የዘይት መሥመር ስለሚያዝ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ሁሉም ይጠፋል፤ ስለዚህ ቱቦዎቹን፣ በፍሬን ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያሉትን የላስቲክ ክዳኖችና የብረት መሥመሮቹን አንዳቸውንም ሳያስቀሩ ይቀይሩ። የቀድሞው የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራውን በአየር አይንፉት።

ቀለሙ የማያንጸባርቅ መሆን አለበት፤ ብዙ የተለፋበት ጂፕ በሚያብለጨልጭ አረንጓዴ ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል። ቁጥሩን በመዝገብዎ ባሰፈሩት ልክና ቦታ መልሰው ይጻፉ፤ ከተቻለም ከመጀመሪያው ቀለም አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ፣ ለምሳሌ ከመሣሪያ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ፣ ሳይነካ ይተዉ። ከመጀመሪያው አጭር ጉዞ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የቴስታታውን ቡሎኖች ደግመው ያጥብቁ፣ ዘይቱን ይቀይሩ፣ በእያንዳንዱ ጎማ ውስጠኛ ጎንም የፍሬን ዘይት አለመንጠባጠቡን ይመልከቱ።